ፍርድ እስኪደርስ ምን ይተርፋል?

ሰበታ፣ ፉሪ አካባቢ ያለ አንድ ቤት እናስብ። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ ግቢው ውስጥ ጥቂት ጌሾ አለ። ባለቤቷ ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ ሴት ናቸው እንበል። አንድ ጠዋት በራቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ያገኙታል። ቀይ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለኖረ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሴትዮዋ ፍርድ ቤት ሄደው ክስ ይከፍታሉ። ከክሱ ጋር አንድ ትንሽ ጥያቄ ያያይዛሉ፦ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ቤቱ እንዳይፈርስ ይታገድልኝ። ዳኛው ክሱን ይቀበላሉ፤ እግዱን ግን አይሰጡም። መልስ ለመቀበል ተብሎ መዝገቡ ለወሩ ይቀጠራል። ሴትዮዋ ወደ ጠበቃቸው ዞር ብለው «ይግባኝ እንበላ!» ይሉታል። እሱ ደግሞ «እትዬ፣ ፍርድ'ኮ ገና አልተሰጠም፤ በምኑ ላይ ነው ይግባኝ የምንለው?» ይላቸዋል።

ሴትዮዋን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። የጠበቃው መልስ ግን በየፍርድ ቤቱ ደጅ በየቀኑ የሚሰማ ነው። መልሱ ስንፍና አይደለም፤ ሕግ አለበት። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 320 ንዑስ ቁጥር 3፣ ፍርድ ቤት ክርክሩን ሲመራ በመሃል በሚሰጣቸው ትእዛዞች ላይ ወዲያው ይግባኝ አይባልም ይላል። ምሳሌም ይጠቅሳል፦ ቀጠሮ መስጠት ወይም መከልከል፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ የሰው ወይም የሰነድ ማስረጃ መቀበልና አለመቀበል፣ የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍሉ በድኅነት ለመክሰስ የሚጠየቅ ፈቃድ። ቅር ያለው ሰው ቅሬታውን በሆዱ ይዞ ይቆይና የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ ከዋናው ይግባኝ ጋር ያነሳዋል። በወንጀልም እንዲሁ ነው፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 184 በቀጠሮ፣ በክስ መቃወሚያና በማስረጃ ላይ ለሚሰጡ ትእዛዞች ተመሳሳይ በር ይዘጋል።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። የድኅነቱ ፈቃድ ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱ ሁሌም ይገርመኛል። ደሃው «መክፈል ትችላለህ» ተብሎ ከተመለሰና ካልከፈለ፣ ክርክሩ አይቀጥልም። ክርክር ከሌለ ቅሬታውን የሚያያይዝበት የመጨረሻ ፍርድ ከየት ይመጣል? መዝገቡ መዘጋቱ ራሱ የመጨረሻ ውሳኔ ነው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም፤ ግን ጠበቃ ለማቆም ገንዘብ የሌለውን ሰው ነው የምናወራው።)

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ አንድ ሰው ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት በተሰጠበት ትእዛዝ ላይ ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ለመጮህ ፈቃድ ሊያስፈልገው ይገባል? ፈቃድ ሰጪውስ ምን ብሎ ነው መጠየቅ ያለበት? የሕግ ተማሪዎች ብቻ የሚያነሱት ጥያቄ ይመስላል። ለእኔ ግን «ታገስ» የሚለው ቃል በማን ላይ ሲጫን ፍትሕ፣ በማን ላይ ሲጫን በደል እንደሚሆን የሚጠይቅ የሞራል ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ለሕጉ ፍትሐዊ እንሁን። ሱሉልታ ውስጥ ሦስት ወንድማማቾች በውርስ ቤት ይካሰሳሉ እንበል። አንደኛው ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሁለት ሰርቪስ አከራይቶ በየወሩ ገንዘብ ይሰበስባል። ለእሱ ክርክሩ አሥር ዓመት ቢፈጅ ምን ቸገረው? በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ ይግባኝ ማለት ቢችል፣ ምስክር ሲሰማ ይግባኝ፣ ቀጠሮ ሲያጥር ይግባኝ፣ የባለሙያ ግምት ሲታዘዝ ይግባኝ። ከወረዳ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ ጠቅላይ፣ ከዚያ ወደ ሰበር። ከእንጦጦ ማዶ በታክሲ እየተመላለሱ ለጠበቃና ለራፖር ጸሐፊ ገንዘባቸውን የሚጨርሱት ሌሎቹ ወንድሞች ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ ደጅ መጥናት የቆየ ጥበብ ነው፤ ሙግትን ማርዘም የሚያውቅበት ሰው መረታቱን እያወቀም እንደ ረቺ ይኖራል። ስለዚህ «ዝም ብለህ ወደ ዋናው ጉዳይ ሂድ» የሚለው ሕግ አቅም የሌለውን ወንድም የሚጠብቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

በመሃል የሚነሳ ይግባኝ አንድን ችሎት እንዴት ሊያቆመው እንደሚችል በቅርብ ዓመታት በዓይናችን አይተናል። የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ከታሰሩት መካከል በእነ እስክንድር ነጋ መዝገብ፣ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቼ ማንነታቸው ሳይገለጥ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ይመስክሩልኝ አለ። ለዚህ የሚጠቀስ ሕግም አለው፤ የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003። ተከሳሾቹ በበኩላቸው የሚከሰንን ሰው ፊት ለፊት እንየው አሉ። ክርክሩ «ምስክሩ ምን አለ?» ወደሚለው ከመድረሱ በፊት «ምስክሩ የት ይቀመጥ?» በሚለው ላይ ወደ ላይ ተጓዘ፤ ተከሳሾቹ እስር ቤት ሆነው ወራት አለፉ። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ክሱ ተቋርጦ ተፈቱ። የመጨረሻ ፍርድ የሚባለው ነገር አልመጣም።

ይህን መዝገብ ለሁለት ተቃራኒ ክርክሮች መጥቀስ ይቻላል። አንዱ «አያችሁ፣ በመሃል ይግባኝ ሲፈቀድ የሚሆነው ይሄ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «አያችሁ፣ የመጨረሻውን ፍርድ ጠብቅ የተባለ ሰው ላይደርስበት ይችላል» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ለዚህ ነው ይግባኝ ይከፈት ወይስ ይዘጋ ብሎ መከራከሩ ብዙም ሩቅ የማይወስደን።

ይልቅ ሕጉ ሳይናገር የሚያምነውን ነገር እንይ። «ቅሬታህን ከመጨረሻው ፍርድ ጋር አቅርበው» ሲል፣ በመሃል የተወሰደብህ ነገር በመጨረሻ ሊመለስልህ ይችላል ብሎ አምኗል። አንዳንዴ ልክ ነው። ሰነድህ ሳይቀበሉህ ቢቀር፣ የላይኛው ፍርድ ቤት ሰነዱ ይታይ ብሎ መዝገቡን ሊመልስልህ ይችላል፤ ወረቀቱ አልተቃጠለም፣ ፋይሉ ውስጥ አለ። የክስ መቃወሚያህ ያለ አግባብ ውድቅ ቢደረግ፣ ለከንቱ ተከራከርክ፣ ደከምክ፣ ግን ስህተቱ ይታረማል።

ቀጠሮስ? የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎችና ከእነሱ ጋር የተያዙት ጋዜጠኞች ሚያዝያ 2006 ታሰሩ። ከዚያ በኋላ የነበረው ታሪክ በአብዛኛው የቀጠሮ ታሪክ ነው፤ ለምርመራ፣ ለክስ ማሻሻያ፣ ለብይን፣ ለምስክር፣ ለሲዲ። ሐምሌ 2007 ላይ የአምስቱ ክስ ተቋረጠ፤ ጥቅምት 2008 ላይ የቀሩት ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። እያንዳንዱ ቀጠሮ ለብቻው ሲታይ ተራ ትእዛዝ ነው፤ ይግባኝ የማይባልበት «የአስተዳደር» ጉዳይ። ተደምሮ ግን ከአንድ ዓመት በላይ የወጣት ዕድሜ ነው። የትኛውም የይግባኝ ፍርድ ቤት ያንን ሊመልስ አይችልም። ነፃ የተባለ ሰው ደግሞ ይግባኝ የሚልበት ጥፋተኝነት እንኳ የለውም፤ ቅሬታውን በየትኛው ይግባኝ ላይ ይለጥፈው?

ሕግ አውጪው ይህን ሳያስበው አልቀረም። ቁጥር 320 ንዑስ ቁጥር 4 ላይ የተዘጋውን በር በሦስት ቦታ ይከፍተዋል። ሰው እንዲያዝ ወይም እንዲታሰር የሚያዝ ትእዛዝ፣ ንብረት ከአንዱ ተከራካሪ እጅ ወደ ሌላው እንዲተላለፍ የሚያደርግ ትእዛዝ፣ አካልን ነፃ ለማውጣት የቀረበ አቤቱታን የማይቀበል ትእዛዝ። በእነዚህ ላይ ወዲያውኑ ይግባኝ ማለት ይቻላል። የሚገርመው፣ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶችም ወደ አንድ ዓይነት ቦታ ደርሰዋል። እዚያ አገር አብዛኛው ይግባኝ ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃድ የማይጠየቅባቸው ጥቂት ጉዳዮች ግን አሉ፤ ከእነዚህም ፍርድ ቤትን በመድፈር ወደ እስር የሚያስገባ ትእዛዝና አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ውድቅ መደረግ ይገኙበታል። ሁለቱም ሕጎች የታሰረን ሰው «ቆይ» ለማለት አፍረዋል።

በሦስተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እኔ ዋናው ቁልፍ ያለው እዚያ ይመስለኛል። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታን ያልተቀበለ ዳኛ ምን አደረገ? ምንም። ሰውዬውን አላሰረውም፤ ቀድሞም ታስሮ ነበር። «አልፈታውም» ነው ያለው። ሕጉ ግን ይህን አለማድረግ እንደ ማድረግ ቆጥሮታል፤ ምክንያቱም ዳኛው እጁን ባጠፈበት ቅጽበት የሰው ልጅ አካል በሌላ ኃይል እጅ ይቀራል። አሁን ወደ ቤት ፈረሳው እንምጣ። እግድ የከለከለ ዳኛም ምንም አላደረገም። ዶዘሩን አልላከም። «አላስቆመውም» ነው ያለው። እግድ ደግሞ በስሙ በንዑስ ቁጥር 3 የምሳሌ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ በንዑስ ቁጥር 4ም የለም። ለሁለተኛው የተፈቀደ ጉዳይ ማለትም ለንብረት ዝውውር እናስጠጋው ብንል እንኳ ቃሉ ያስቸግራል። የፈረሰ ቤት ወደ ማን እጅ ተላለፈ? ወደ ማንም አልሄደም፤ ጠፋ። ንብረት ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ የሚቆረቆር ሕግ ንብረቱ አፈር ሲሆን ምን እንደሚል በግልጽ አልነገረንም።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ሰው በ2015 ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲባሉ የሆነውን ያስታውስ። ፈረሳው ሰፊ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ስለ ሁኔታው በዚያው ዓመት መግለጫ አውጥቷል። ብዙዎቹ ቤቶች መሬቱ ከገበሬ በውል ተገዝቶ የተሠሩ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ማለትም ብዙዎቹ ነዋሪዎች በዋናው ክርክር ሊረቱ ይችላሉ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው።

እንግሊዞች ለይግባኝ ፈቃድ ሲሰጡ በዋናነት የሚጠይቁት «ይህ ይግባኝ የማሸነፍ እውነተኛ ዕድል አለው ወይ?» ብለው ነው፤ ወይም ደግሞ ሌላ አስገዳጅ ምክንያት መኖሩን ያያሉ። አሜሪካኖች በፌዴራል ፍርድ ቤቶቻቸው እስከ መጨረሻው ፍርድ ጠብቅ የሚለውን እንደ ዋና ደንብ ይዘዋል። በመሃል ለመውጣት አንዱ መንገድ ትእዛዙን የሰጠው ዳኛ ራሱ «ጥያቄው አከራካሪና ለጉዳዩ ወሳኝ ነው» ብሎ እንዲጽፍ ማድረግ ነው፤ ከዚያም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ልቀበል አልቀበል ይላል። እግድን ግን እዚህ ደንብ ውስጥ አላስገቡትም፤ እግድ መስጠትም ሆነ መከልከል ያለ ፈቃድ ወዲያው ይግባኝ ይባልበታል። ሴትዮዋ እዚያ ቢሆኑ ኖሮ ጠበቃቸው «በምኑ ላይ?» አይላቸውም ነበር።

«የማሸነፍ ዕድል አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ በገንዘብ ክርክር ጥሩ ወንፊት ነው። ለፉሪዋ ሴትዮ ግን የተሳሳተ ጥያቄ ነው። ዕድላቸው ትንሽ ነው እንበል፤ ውላቸው ፈራሽ ነው እንበል። ይህ ማለት ክርክራቸው እስኪሰማ ድረስ ጣራቸው ሥር የመቆየት መብት የላቸውም ማለት ነው? የሚረታ ሰውም'ኮ መረታቱን በጆሮው ሰምቶ፣ ቆርቆሮውንና በሩን ነቅሎ፣ ልጆቹን የት እንደሚያስጠጋ አስቦ መውጣት ይገባዋል። አበው በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች ይላሉ። ይህ ተረት ስለ ጭብጦ ዋጋ አይደለም የሚያወራው። ሰው ንብረቱን ማጣት ይችላል፤ ሳይሰማ ማጣት ግን ሌላ ዓይነት ቁስል ነው። ፍርድ ሳይሰጥ የፈረሰ ቤት፣ መዝገቡ ክፍት ሆኖም ቢሆን፣ ያለ ፍርድ ሄዷል።

ስለዚህ በሩ ላይ የሚቆመው ዳኛ መጠየቅ ያለበት «ይህ ሰው ያሸንፋል?» ብሎ ሳይሆን «ፍርድ እስኪደርስ ምን ይተርፋል?» ብሎ ነው ባይ ነኝ። የሚተርፍ ነገር ካለ ይቆይ፤ ወንድምየው የባለሙያ ግምት አልተስማማኝም ካለ፣ ፍርዱ ሲመጣ ያነሳዋል። የማይተርፍ ከሆነ ግን ቆይ ማለት ራሱ መፍረድ ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ሳቀና «ሁሉም ሰው'ኮ ምንም አይተርፈኝም ብሎ ነው የሚመጣው» አለኝ። ልክ ነው፤ ይመጣል። ለዚህ ነው በሩ ክፍት ይሁን ሳይሆን በረኛ ይኑረው የምለው። በረኛ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ የሥር ውሳኔው ጉድለት የለበትም ብሎ ካመነ፣ መልስ ሰጪውን ሳይጠራ መዝገቡን በቁጥር 337 መዝጋት ይችላል። ሰበር ላይም አቤቱታው መጀመሪያ ሦስት ዳኞች ባሉበት አጣሪ ችሎት ያልፋል፤ ያስቀርባል ከተባለ ነው አምስት ዳኞች ፊት የሚደርሰው። በስሙ «ፈቃድ» አይባልም እንጂ ሥራው ያው ነው። የቸገረው፣ ሰበር የተቋቋመው የመጨረሻ ውሳኔ ላይ ያለ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ለማረም ነው። በመሃል ትእዛዝ የተጎዳ ሰው ፊት ለፊት ያለው በር ሲዘጋበት ትእዛዙን እንደምንም «የመጨረሻ» አስመስሎ በጓሮ ለመግባት ይሞክራል። ሰውን ወደ ጓሮ ከመግፋት ፊት ለፊት ጠባብ በር መክፈት ይሻላል።

ሕገ መንግሥቱም ቢሆን ለዚህ ጠባብ በር ቦታ ያለው ይመስለኛል። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 6 የተከሰሱ ሰዎችን የይግባኝ መብት ሲደነግግ «ፍርድ» ብሎ አላቆመም፤ «ትእዛዝ ወይም ፍርድ» ነው ያለው። በ1954 የወጣው ሕግ በቁጥር 184 የሚዘጋውንና በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት የሚከፍተውን እንዴት አብረን እናንብብ? አንዱ ንባብ «ትእዛዝ የተባለው የመጨረሻ ትእዛዝ ነው» ይላል፤ ይህ የሕገ መንግሥቱን ቃል ማጥበብ ነው። ሌላው «ማንኛውም ትእዛዝ» ይላል፤ ያኔ ደግሞ ቀጠሮ ለማክሰኞ ይሁን ለሐሙስ በሚል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልንደርስ ነው። የማይመለስ ጉዳት የሚያደርስ ትእዛዝ የሚለው መካከለኛ ንባብ ነው ለሁለቱም ጽሑፎች ትርጉም የሚሰጠው።

ፈቃዱን ማን ይስጥ? ትእዛዙን የሰጠው ዳኛ ብቻ መሆን የለበትም። «ተሳስተሃል ብዬ ልከስህ ነውና ፍቀድልኝ» ብሎ መለመን ለጠያቂውም ለዳኛውም የማይመች ነገር ነው። እንግሊዞች መጀመሪያ እሱን ጠይቅ፣ ካልፈቀደልህ የላይኛውን ጠይቅ ብለው አስታርቀውታል። ለእኛ የላይኛው ፍርድ ቤት አንድ ዳኛ በወረቀት ብቻ፣ በቀናት ውስጥ፣ ምክንያቱን በአንድ ገጽ ጽፎ ቢወስን ይበቃል። ለወር የሚቀጠር የፈቃድ ጥያቄ ከሆነ ግን ቀልድ ነው፤ ዶዘር ቀጠሮ አይጠብቅም።

አሁን እስካሁን ያልነካሁትን ላንሳ። በር ሲከፈት ለሁለቱም ወገን ነው የሚከፈተው፤ ሁለቱ ወገኖች ግን እኩል አይጠብቁም። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 75 ዋስትና የተነፈገ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ለላይኛው ፍርድ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅድለታል። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ተነፈገው ሰው ነው። በተግባር ግን በተለይ በጋዜጠኞች ጉዳይ ደጋግመን ያየነው ሌላም ነገር አለ፦ ፍርድ ቤት ዋስትና ይፈቅዳል፣ ቤተሰብ ገንዘቡን ተሯሩጦ ያስይዛል፣ ከዚያ «ፖሊስ ይግባኝ ብሏል» ተብሎ ሰውዬው እዚያው ያድራል። ይግባኝ ባዩ መንግሥት ቢሮው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ መልስ ሰጪው ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ይጠብቃል። ቃሉ አንድ ነው፣ «መጠበቅ»፤ ነገሩ ግን ሁለት ነው። «ምን ይተርፋል?» ብለን ከጠየቅን መልሱም ሁለት ይሆናል። መንግሥት ይግባኙን ቢያሸንፍ ሰውዬውን መልሶ ሊይዘው ይችላል፤ ዋስትና ማለትም ይኸው ነው፣ ተመልሶ ለመምጣት መያዣ ማስያዝ። ታሳሪው ቢያሸንፍ ግን ያደረባቸውን ሌሊቶች የሚመልስለት የለም። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠየቅ ከሆነ የሚለቀቅን ሰው ማስቀረት ከሚፈልገው ወገን ይጠየቅ፤ ፈቃዱ በእጁ እስኪገባ ድረስም ሰውዬው ቤቱ ይደር።

የሒሳቡን ነገር ተመልከቱት። አንድ የጊዜ ቀጠሮ በቁጥር 59 ከ14 ቀን አይበልጥም። የዋስትና ማመልከቻ ማቅረቢያው 20 ቀን ነው። በአንዱ ቀጠሮ ላይ ስትሟገት ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቶ ያልፍሃል፤ ግልባጩ እስኪደርስህ አቤት የምትልበት ትእዛዝ ጊዜው አልፎበታል። «ያለፈ ነገር ላይ አንወስንም» የሚል መልስ ይጠብቅሃል። ጊዜው ስላለፈ ሳይሆን ጊዜው ሁልጊዜ እንዲያልፍ ሆኖ ስለተሠራ ነው።

አንባቢ እዚህ ድረስ ከመጣ «እና ትእዛዝ በማይከበርበት አገር ስለ ይግባኝ ፈቃድ ማውራት ቅንጦት አይደለም?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው የመጣው ከዚያችው ከቡራዩ ነው። ሰባት የኦሮሞ ነፃነት ግንባር አመራሮች ከ2012 ጀምሮ ታስረው፣ ፍርድ ቤቶች ደጋግመው ይፈቱ ብለው እያዘዙ፣ ቡራዩ ፖሊስ ጣቢያ ተይዘው ቆይተዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በየካቲት 2015 ስለ እነሱ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ የተፈቱት በ2016 መጨረሻ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ይግባኝ የሚሉበት መጥፎ ትእዛዝ አላጡም ነበር፤ ያጡት ጥሩውን ትእዛዝ የሚፈጽም ሰው ነው። ለዚህ ቁጥር 320 መድኃኒት የለውም፤ እኔም አለው ብዬ አላጭበረብርም።

ግን አንድ ነገር አስተውሉ። የእነሱ መታሰር ሕገወጥ ነው ብለን አፋችንን ሞልተን መናገር የቻልነው «ይፈቱ» የሚል የተጻፈ ትእዛዝ ስላለ ነው። ትእዛዝ ቢረገጥም እንደ ማስረጃ ይቆያል። የፉሪዋ ሴትዮ ዓይነት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ያንን እንኳ አይዝም። እግዱ በአንድ መስመር፣ ያለ ምክንያት፣ አንዳንዴም በቃል ብቻ ይከለከላል። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ክሱ ወደ ካሳ ይለወጣል ወይም ይቋረጣል፤ ያ አንድ መስመር ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ የጠየቀ የላይኛው ዳኛ ሳይኖር ነገሩ ያልፋል። በ1997 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 እስከ 2011 ድረስ ሲሠራበት የነበረ ሕግ ነው። ካሳ አነሰኝ ብሎ ይግባኝ የሚል ባለይዞታ በመጀመሪያ መሬቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ሰነድ ካላያያዘ ይግባኙ ተቀባይነት አያገኝም ይል ነበር። ፈቃድ በገንዘብ ወይም በማመልከቻ ሳይሆን ቤትን በማስረከብ ይገዛ ነበር ማለት ነው። አዋጁ ተሽሯል። ያ ሐሳብ ግን፣ መጀመሪያ ውጣና ከዚያ እንነጋገር የሚለው፣ ዛሬም እግድ በማይሰጥበት ችሎት ሁሉ ያለ አንቀጽ ይሠራል።

እስከዚያው ጠባብ በሩን የሚከፍት ሕግ ባይኖርም፣ ያለውን በር መጎርጎር ይቻላል። እግድ ሲከለከል ምክንያቱ በጽሑፍ መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር መጠየቅ፣ የትእዛዙን ግልባጭ በዕለቱ ማውጣት፣ ቀኑ የሚታይበት የቤቱን ፎቶ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ፣ ሁኔታው ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ጎረቤት ሲፈርስ፣ የእግዱን ጥያቄ እንደ አዲስ ማቅረብ። እነዚህ ቤቱን ላያድኑት ይችላሉ። የላይኛው ፍርድ ቤት አንድ ቀን ስለ ጉዳዩ ሲጠየቅ ግን ፊቱ የሚቀመጥ ወረቀት ይኖራል፤ ወረቀቱም ቤቱ በምን ቀን ቆሞ እንደነበርና ዳኛው ምን ብለው እንዳለፉት ይናገራል።